በአፌ ያሳበድኳቸው ሴት

እስካለፈው ዓመት ድረስ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ባሌ ሳልነግረው ሞተ። ልጆቼ አያውቁም። በአስተስርዮ፣ እዚህ ኪፑር በሚሉት ጾም ዋዜማ፣ በዳይ የተበደለን ይቅርታ ሲጠይቅ፣ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ እወጣ ነበር። ምንም ያላደረግኳቸውን ሰዎች ሁሉ «ይቅር በሉኝ» እል ነበር፤ የአንዲት ሴት በር ስደርስ ግን እግሬ ይፈጥን ነበር። ቄሱ «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም» ብያለሁ። ሌላ ነበረ። ከሃያ ዓመት በላይ ሌላ ነበረ።

የማላውቃችሁ መሆናችሁ ነው መሰል ያደፋፈረኝ። ቤቴ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን አልነግራችሁም፤ ሌላ ጨዋታ አምጥቼ አስቃችሁ ነበር። ጨዋታ እወዳለሁ። ሠርግ ቤት ሴቶቹ አጠገባቸው ወንበር ይዘው የሚጠብቁኝ ነኝ። የአፍ ሰው ነኝ እኔ። ኃጢአቴም በአፌ ነው የመጣው።

ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ እንዳልደብቀው፣ ያደረግኩትን አስቀድሜ ልበለው። አንዲት ልጃቸው የሞተባቸው ሴት ለሐኪም የተናገሩትን እኔ አስተረጎምኩ። ቃሉን አንድ በአንድ ሰጠሁ፤ ትርጉሙን ግን ከለከልኩ። ሐኪሙ ነገሩ ቆርቁሮት ጠየቀኝ። ዋሸሁት። በዚያ ውሸት ሴትየዋ አእምሮአቸው የታወከ ተብለው ተጻፉ፤ የሚያሳድጓትን የልጅ ልጃቸውንም ተነጠቁ። ሳላውቅ ነው እንዳልል እያወቅኩ ነው። እንዴት እያወቅኩ እንደሆነ ነው አሁን የምነግራችሁ።

ያኔ እዚሁ ፔታህ ቲክቫ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ ክሊኒክ ጽዳት እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። የዕብራይስጥ ፊደል የለየሁት ከማጽጃ ጠርሙስ ላይ ነው። «አትጠጡ»፣ «ከልጆች አርቁ»፣ «ዓይን ከነካ በውሃ ታጠቡ»። ከዚያ የሐኪሞቹን በር እያሸሁ የበሩን ጽሕፈት አነበብኩ። የዓይን፣ የቆዳ፣ የነፍስ። የነፍስ ሐኪም የሚለውን መጀመሪያ ሳነብ ቄስ መስሎኝ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ጋዜጣ እየገለጥኩ ማንበብ ቻልኩ። መጥረጊያ ይዤ ሳልፍ ከእኛ ሰው መሃል ቋንቋ ያጠረው ሲኖር፣ ጸሐፊዋ «ያላ፣ ነይ ንገሪልን» ትለኛለች። እነግራለሁ። እንዲህ እየሆነ አንድ ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ ሴት «ይህን ነገር በደንብ ከያዝሽው ከመጥረጊያው እናወጣሻለን፣ ጠረጴዛ እንሰጥሻለን» አለችኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ የምራመድ አይመስለኝም ነበር።

እትዬ ትርንጎ የአገሬ ሰው ናቸው፤ ከእኛ መንደር አንድ ወንዝ ማዶ። አሚሻቭ ሰፈር ነው ቤታቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባላቸው ወደዚህ ሲመጡ በሱዳን መንገድ ላይ ሞተው ቀርተዋል። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ማሩ የሚባል። የማሩ ሚስት በወሊድ ሞታ ሴት ልጅ ትታ ነበርና ሕፃኗን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስሟ ኦሪት ነው። እምዬ ነበር የምትላቸው። አማርኛዋ የጎንደር ባልቴት አማርኛ ነበር፤ የአምስት ዓመት ልጅ «ኧረ ምን በወጣኝ!» ስትል ሰምታችሁ ብታውቁ! እኔ እንኳ ጉንጯን ሳልቆነጥጥ አላልፋትም።

ማሩ ከሚሠራበት ሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ።

የሐዘኑ ሰባት ቀን አልቆ ለቀስተኛው ሲበተን፣ እትዬ ትርንጎ ዝም አሉ። አይበሉም፤ ሲቀመጡ ግድግዳ ግድግዳውን ነው። አንድ ቀን ኦሪትን ከመዋዕለ ሕፃናቷ መቀበል ረሱ። አንድ ቀን ብቻ። መምህሯ ለረቫሃ ነገረች፤ ረቫሃ ማለት የድኾችንና የልጆችን ጉዳይ የሚያየው የመንግሥት ቢሮ ነው። ከዚያ የመጣችው ሠራተኛ ሴት እትዬ ትርንጎን ወደ እኛ ክሊኒክ ይዛ መጣች። ገና ኮሪደሩ ላይ እያለን እኔን ወደ ጎን ስባ፣ «ሐኪሙ ዛሬ የሚጽፈው ወረቀት ልጅቷ እሳቸው ጋ ትቆይ አትቆይ የሚለውን ይወስናል፤ በጥንቃቄ አስተርጉሚ» አለችኝ። «በሰደር» አልኳት፤ እሺ ገብቶኛል ማለቴ ነው። ገብቶኝ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

የነፍስ ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ስንት ጊዜ ክፉ ላደርገው ሞከርኩ! ክፉ ቢሆን ኖሮ ሸክሙን እንካፈለው ነበር። ሽበት የጣለበት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ለእትዬ ትርንጎ ተነሥቶ ወንበር የሳበ ሰው ነው። ከፊቱ ዝርዝር ያለበት ወረቀት አለ። አሁን ዝርዝሩን አውቀዋለሁ፤ ያኔ ግን የወግ ጥያቄ ነበር የመሰለኝ። የት ነው ያለሽው? ዛሬ ምን ቀን ነው? አሁን ስንት ሰዓት ገደማ ይሆናል?

«ሦስት ሰዓት አለፈ» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ለሐኪሙ «ሦስት ሰዓት» አልኩት። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ፤ ዘጠኝ ከሩብ ይላል። ብዕሩ ሊጽፍ ሲል ቶሎ ብዬ ያዝኩት። «ቆይ ዶክተር፣ ተሳስተው አይደለም። እኛ ጋ ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው። የሳቸው ሦስት የአንተ ዘጠኝ ነው» አልኩት። ሳቅ ብሎ «ኮል ሃካቮድ» አለኝ፤ ጎሽ እንደ ማለት ነው። እትዬ ትርንጎ ቀኑንም አልሳቱ፤ ቦታውንም አልሳቱ።

አያችሁ? አስረዳሁ። ማስረዳት እንደሚቻል አውቅ ነበር። ሐኪሙ ሲነገረው የሚሰማ ሰው መሆኑን ዓይኔ አይቷል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ነካኝ?

የነካኝ ይህ ነው፤ ሰበብ ግን አይሁነኝ። ያቺ ጠረጴዛ እሰጥሻለሁ ያለችኝ ኃላፊ ፋይል ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሰዓቱን ነገር ሰምታ ሳቀችና «እነሱ ዘንድ ሰዓቱም ተገልብጧል በይኛ» አለች። ለክፋት አልነበረም፤ ለቀልድ ነው። እኔ ግን ከአንገቴ እስከ ጆሮዬ ተቃጠልኩ። እነሱ ዘንድ። እኔ እኮ ጋዜጣ አነባለሁ! እኔ እኮ ከእነሱ መሃል ወጥቼ ከእናንተ መሃል ልገባ አንድ ጠረጴዛ ነው የቀረኝ!

ሐኪሙ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ሌላ ሰው የማያየውን ነገር ታያለች ወይ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ወደ አማርኛ መለስኩት። እትዬ ትርንጎ መሬት መሬቱን እያዩ፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ እንደያዙ እንዲህ አሉ።

«ምን ሌላ አያለሁ ልጄ፣ ማሩ ነዋ። ልጉረስ ስል፣ ጋደም ልበል ስል፣ ዓይኔ ላይ ድቅን ይልብኛል። ድምጡ ከጆሮዬ አይወጣ።»

አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ትርጉም ይፈልጋል? ሙት ያለበት ሁሉ የሚለው ነው። እኔ አባቴ የሞተ ጊዜ ብዬዋለሁ። ባሌ ሲሞትም ብዬዋለሁ። ናፈቀኝ ማለት ነው፤ ከልቤ አልወጣ አለ ማለት ነው። የታየ ነገር የለም፣ የተሰማ ድምፅ የለም። ቋንቋችን ለናፍቆት ዓይንና ጆሮ ሰጠው እንጂ።

እኔ ግን ለሐኪሙ እንዲህ አልኩት፦ «ልጇ ዓይኗ ላይ ይቆማል ትላለች። ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ አለ ትላለች።»

ቃል በቃል ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም። ከሁሉ የሚከፋው ውሸት አንድ ቃል ያልተጨመረበት መሆኑን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝና፣ ሃያ ዓመት የምሰማትን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ቆይ፣ እንዲህ መናገር እናንተ ዘንድ የተለመደ አባባል ነው? ወይስ በእውነት ታየዋለች?»

እናንተ ዘንድ። ኃላፊዋ በሩ ላይ እንደቆመች ናት። ሊስቁብኝ ነው አልኩ በሆዴ። ሰዓታቸው የተገለበጠ፣ ሙት ዓይናቸው ላይ የሚቆም፣ ከእነሱም አንዷ እኔ። ይህ ሁሉ በልቤ ያለፈው ዓይን ተጨፍኖ እስኪከፈት ነው።

«ኬን» አልኩ። አዎ ማለት ነው። «በእውነት ታየዋለች። እኛ እንዲህ አንናገርም።»

ኬን በእነሱም ፊደል በእኛም ፊደል ሁለት ፊደል ናት። በሁለት ፊደል ሰው አሳበድኩ።

እትዬ ትርንጎን ሳልጠይቃቸው መለስኩ። ሐኪሙ የጠየቀውን አላስተረጎምኩላቸውም። አጠገቤ ተቀምጠው፣ ስለ ራሳቸው ሕይወት ስንማከር፣ እንደ ዕቃ አለፍኳቸው። ከዚያ ሐኪሙ የመጨረሻውን ጠየቀ፦ ሕመም እንዳለባት ታምናለች? እትዬ ትርንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ሐዘን ነው እንጂ በሽታ ምን አለብኝ?» አሉ። ይህን በትክክል ነገርኩት። በትክክል የነገርኩት ነገር መልሶ እሳቸውን ጎዳ። ቀድሜ ነገሩን አበላሽቼው ነበርና።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ሁለቱንም እጆቼን ያዙና መረቁኝ። «ያገሬ ልጅ፣ አፍሽ ይባረክ» አሉኝ። አፍሽ ይባረክ! አሜን አልኩ። በምን ፊቴ አሜን እንዳልኩ እንጃ።

ኦሪትን ሊወስዷት የመጡ ዕለት እንዲያስተረጉም የተጠራው ሰው ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። እኩለ ቀን ነበር። የረቫሃዋ ሴት «ለጊዜው ነው በያቸው» አለች። «ለጊዜው ነው እትዬ ትርንጎ» አልኩ።

«እስከ መቼ?»

«እስኪሻልዎት ድረስ።»

«ምኑ ነው እሚሻለኝ?» አሉ። ሐዘን የሚሻል ነገር ነው? ኦሪት በትንሽ ቦርሳዋ ፒጃማዋን ይዛ እደረጃው ላይ ዞረችና፣ «እምዬ፣ አንቺ ጫማሽን አታጠልቂም?» አለች። አብረው የሚሄዱ መስሏት ነው። በሰሜን በኩል ላለ አንድ አሳዳጊ ቤተ ሰብ ተሰጠች። ጥሩ ሰዎች ናቸው አሉ። ለጊዜው የተባለው ዓመት ሆነ፤ ዓመቱ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ።

ለእትዬ ትርንጎ ደግሞ ክኒን ተሰጣቸው። ክኒኑ ምላሳቸውን አከበደው፣ እጃቸውን አንቀጠቀጠው፣ አካሄዳቸውን ከበረዶ ላይ እንደሚሄድ ሰው አደረገው። ሰው እጃቸውን አይቶ «ትርንጎ ለየላት» አለ። ሕመሙ ያመጣው ሳይሆን መድኃኒቱ ያመጣው መሆኑን ማን ይወቅ? የእኛ ሰው በዚህ ነገር ጨካኝ ነው። ሠርግ መጥራት ተዉአቸው። ልጆች ደረጃ ላይ ሲያገኟቸው ይሸሻሉ። እኔ እየሄድኩ ቤታቸውን አጸዳላቸው ነበር። ሰው «ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት» ይል ነበር። ደግነቴን ስሙልኝ እንግዲህ! ያቃጠልኩትን ቤት አመዱን እየጠረግኩ ተመሰገንኩ።

ጠረጴዛውንም አገኘሁ። ከመጥረጊያ ወጣሁ። ቆይቶም ለአስተርጓሚዎች የሚሰጥ ትምህርት አስገቡኝ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ክፍል፣ የመጀመሪያው ደብተር። ደብተሩ እስካሁን አለኝ። የነፍስ ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸውን ቃላት አንድ በአንድ አስጻፉን። ሃዛያ፤ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማየት ወይም መስማት። እኔ በአማርኛ አጠገቡ «ቅዠት፣ ግን ሳይተኙ» ብዬ ጻፍኩ። ጠፍጣፋ ስሜት፤ ፊት ላይ ሐዘንም ደስታም የማይነበብበት። እትዬ ትርንጎ ዓይናቸውን መሬት የጣሉት ሐኪም አክብረው ነው፤ አፋቸውን የሸፈኑት ሐዘንተኛ ስለሆኑ ነው። እሱንም ሳላስረዳ ቀርቼ ነበር፤ ይህንን እንኳ ያን ቀን አላሰብኩትም። ከዚያ ቶቫና የምትባል ቃል መጣች። የራስን ሕመም ማወቅ፣ ወደ ውስጥ ማየት ማለት ናት። «ሐዘን ነው እንጂ በሽታ ምን አለብኝ» ያሉት ሴት ቶቫና የላትም ተብለው ነው የተጻፉት። ከእሳቸው በላይ ማን የራሱን ነገር ያወቀ አለ? በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ቶቫና ያጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ወይም ኖሮኝ የዘጋሁት።

አስተማሪዋ ያን ዕለት እንዲህ አለች፤ ሐዘንተኛ ሰው የሞተውን አየሁ፣ ሰማሁ ቢላችሁ ቃሉን ብቻ አትስጡ፣ በአገሩ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነም ለሐኪሙ ንገሩ። «ይህን ያላደረገ አስተርጓሚ ሰው ሊገድል ይችላል» አለች። ሁሉም ጻፈ። እኔም ጻፍኩ። ሰው በራሱ ላይ የተፈረደውን እንዲህ አሳምሮ ይጽፋል?

ያኔ ብናገር ኦሪት ገና ስምንት ዓመቷ ነበር። አማርኛዋ ገና አፏ ላይ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? ጠረጴዛዬን ፈርቼ። ስሜን ፈርቼ። የእኛ ሰዎች ታመው ሲመጡ «እሷ ካለች ደግ ነው፣ እሷ ታውቃለች» ይሉ ነበር፤ ያን መስማት እወድ ነበር። እወደው ነበር፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

አንድ ዕድል ደግሞ መጣልኝ። ሌላ ሐኪም መጣች፣ ወጣት ሴት። እትዬ ትርንጎን እንደ አዲስ ጠየቀቻቸው፤ እኔም በዚህ ጊዜ እንደሚገባው አስተረጎምኩ፣ አባባሉንም አብራራሁ። ክኒኑን ቀስ በቀስ ቀንሳ አስቆመችው። ወራት አለፉ፣ እጃቸው ረጋ፣ ምላሳቸው ተፈታ። ሐኪሟ አሮጌውን ፋይል እያገላበጠች፣ «ለምን እንዲህ እንደተጻፈ አይገባኝም። አንቺ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ስለዚህ አንድ ውሸት አይደለም ያለኝ፣ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን እፍረት አፍኖኝ ነው ብል፣ ሁለተኛውን ምን ልለው ነው? ለሁለተኛው አሥር ዓመት ተዘጋጅቼበታለሁ።

ኦሪት ካደገች በኋላ፣ የሠራዊት ግዴታዋን ስትጨርስ ወደ ፔታህ ቲክቫ ተመለሰች። ኤም ሃሞሻቮት በሚባለው ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። በበዓል በበዓል አያቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። ትመጣለች ማለት፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። አማርኛው ከአፏ ጠፍቷል፤ ሰላም ማለትና እንጀራ ማለት ቀርቷታል። እትዬ ትርንጎ ዕብራይስጥ የገበያውን ያህል ነው የሚያውቁት። ታዲያ ማንን ይጥሩ? እኔን። «ነይ እስቲ ከልጅቷ ጋር አጫውቺኝ» ይሉኛል። እሄዳለሁ። መሃላቸው እቀመጣለሁ። የቆረጥኩትን ምላስ ቦታ ይዤ፣ የአንዷን ቃል ለሌላዋ አቀብላለሁ። አንድ ጊዜ ኦሪት እኔን ብቻ ለይታ፣ «ያኔ ለምን እንደ ሰጠችኝ ጠይቂልኝ» አለችኝ። ልጅቷ እኮ የተሰጠች ነው የመሰላት! አያቷ የገፏት! ያን ጥያቄ አላስተረጎምኩም። «ትምህርት እንዴት ነው ትላለች» ብዬ... አይደለም፣ እውነቱን ልናገር፤ «እምዬ ተመችቶሻል ወይ ትላለች» ነው ለእትዬ ትርንጎ ያልኳቸው። ሦስተኛው ውሸት። ቁጥሩን እናንተ ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ መተኛት እንቢ አለኝ። ባለፈው ዓመት አስተስርዮ ሳይገባ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ያን ሦስት ፎቅ ወጣሁ። እትዬ ትርንጎ ትሪ ላይ ምስር ይለቅማሉ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ ጨዋታ እንደማመጣ አውቃለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐኪሙ የጠየቀውን፣ በሩ ላይ የቆመችውን፣ ኬን ያልኩትን። ምስሩን መልቀማቸውን አላቆሙም።

«ኬን ማለትሽንማ ሰምቻለሁ» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ኬን አዎ ማለት መሆኑን አላውቅም መሰለሽ? ያኔ ከዕብራይስጥ የማውቃት እሷን ነበር። ሰውዬው አንድ ነገር ጠየቀሽ፣ አንቺ እኔን ሳትጠይቂ ኬን አልሽ። ‹ደኅና ሴት ናት ወይ? ልጅቷን ታሳድጋለች ወይ?› ብሎሽ፣ አዎ ብለሽ የመሰከርሽልኝ መሰለኝ። ለሱ ነው የመረቅኩሽ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እግራቸውን ልይዝ ብዘረጋ እጄን በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ በቁጣ አይደለም፣ ምስሩን እንዳልደፋባቸው እንጂ።

«ስሚኝ አንቺ» አሉ። «የኔን ድርሻ ትቼልሻለሁ። አርጅቻለሁ፣ ቂም ተሸክሜ ይሄን ደረጃ አልወጣም። የልጅቷ ድርሻ ግን የኔ አይደለም፣ ልሰጥሽ አልችልም። ለሷ ንገሪ። በሷ ቋንቋ፣ እኔ ባለሁበት።»

ኦሪት በዓርቡ መጣች። እትዬ ትርንጎ መሃል ያለውን ወንበር አሳዩኝ። በዕብራይስጥ ነገርኳት። አጋዥ የለኝም፣ የማስተረጉመው የለኝም፤ የራሴን ነገር በራሴ አፍ ነው። ኦሪት መጀመሪያ አልገባትም፤ «የትኛው ሐኪም?» «የምን ወረቀት?» እያለች አቋረጠችኝ። እንደገና ጀመርኩ። «እሷ አልሰጠችሽም» አልኳት። «ያኔ ለምን ሰጠችኝ ብለሽ ጠይቂልኝ ያልሽውንም አልጠየቅኩልሽም። አልሰጠችሽም። እኔ ነኝ ያስወሰድኩሽ።»

ልጅቷ ተነሣች። ቁመቷ የአባቷ ነው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። ቀስ ብላ ጥቂት ቃላት ተናገረችኝ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ማን ያስተርጉምልኝ? እኔው ነኛ። «ከእንግዲህ መሃላችን አትግቢ አለች። ከዚህ ቤት ውጪ አለችኝ።»

«እንዲያ ነው ያለች?»

«እንዲያ ነው ያለች። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

እትዬ ትርንጎ ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲያማ ውጪ» አሉኝ።

ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ያለ እኔ ምን ይባባሉ ይሆን ብዬ። ማድመጤም ስርቆት መሆኑ ሲገባኝ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ አልጠሩኝም። ኦሪት አሁን በየሳምንቱ እንደምትመጣ ከጎረቤታቸው ሰምቻለሁ። በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ አላውቅም፤ ማወቁም የእኔ አይደለም።

ለክሊኒኩ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ከፋይላቸው ጋር እንዲያያዝ። «የአስተርጓሚ ስህተት» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ስህተት ሳያውቁ ነው። «ውሸት» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ አንብባ «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። ምንም አይጠቅምም። አሥራ ሦስት ዓመት በደብዳቤ አይመለስም፤ የጠፋ አማርኛም አይመለስም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ድርሻ የላችሁበትም። አፍሬ ነው፣ ድኻ ነበርኩ፣ አልተማርኩም ማለት እችላለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ምክንያት አይሆነኝም። የሰዓቱን ነገር ያስረዳሁ ሴት ይህንንም ማስረዳት እችል ነበር። ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበርና ዘግይቼም ቢሆን እመልስለታለሁ፦ አዎ ዶክተር፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው። እኔም እንዲህ ነው የምለው። እትዬ ትርንጎ ጤነኛ ነበሩ። ልጃቸው የሞተባቸው ጤነኛ።